ታንከሩ ያልጎደለባቸው ሦስት ቀናት

የኢንጂነር ሐሰንን ሞት የሰማሁት ጎብዬ ገበያ ላይ ነው፤ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን። በግ ልገዛ ወጥቼ ሳለ የሳይቱ የድሮው ፎርማናችን ከሩቅ አየኝና ተጣራ። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "አያ ሞላ፣ ያ ባለኮምፒውተሩ ልጅ እኮ አረፈ። አልሰሙም?" አለኝ። ኩላሊቱ ነው አለ። ደሴ ተኝቶ ከርሞ፣ ተስፋ ሲቆረጥ ዋጃ አባቱ ቤት መልሰውት እዚያው አለፈ አለ። ይህን ብሎ የበጉን ጥርስ ከፍቶ ያይልኝ ጀመር። እኔ በጉን ትቼ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፎርማኑ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ጥላውን ዘረጋልኝ።

ኮቦ ላይ የሐሰን ስም ሲነሳ "ያ ሕንጻውን ያበላሸው" ነው የሚሉት። እንደዚያ እንዳልሆነ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄም ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው።

ከኮቦ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱን ይዞ ወደ ዋጃ በሚወስደው በኩል፣ የእናቶች ማዋለጃ ሕንጻ ይሠራ ነበር። በዚያ ጊዜ ከቆላው ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አስፋልት ድረስ ትመጣለች፤ ከዚያ መኪና ይለመናል። ቤቱ እዚሁ ሊሠራ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። እኔ በሳይቱ ላይ ዘበኛም ውሃ አጠጪም ሆኜ ተቀጠርኩ። ውሃ የማጠጣው አትክልት አይደለም፤ ኮንክሪት ነው። በጆንያ የተጠቀለለውን ምሰሶ፣ በሳይት ቋንቋ ኮለን የሚሉትን፣ ጧትና ማታ ማራስ ነው ሥራዬ።

ሐሰን የመጣው መሠረቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሲያስብ እስክሪብቶውን የፊት ጥርሱ ላይ ኳ ኳ የሚያደርግ ልጅ። የዋጃ ልጅ ነው፤ አባቱ አያ ይማም ማሽላ አራሽ ናቸው። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ብዬ ባናግረው ፊቱ ቀላ። "አባቴ ቢሰማ ይገርፈኛል፣ አንተ ይበሉኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው እርስዎ ከማለት አልወረደም።

ኮለን ሲያይ አንድ ልማድ ነበረው። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ በእጁ ጀርባ ይነካዋል። "ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ አያ ሞላ። የሚጠነክረው ሲጠጣ ነው። የሚጠጣው ደግሞ በጨቅላነቱ ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈው ወንዝ ብናፈስበትም አይመለስም" ይለኝ ነበር። የእኔን ሥራ ከዚያ በፊት ማንም እንደ ሥራ ቆጥሮ አስረድቶኝ አያውቅም።

የእሱ ሥራ ግን ሌላ ነበር። በቆርቆሮዋ ቢሮ ውስጥ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ሕንጻው ገና ከመሬት ጉልበት ያህል ብቅ ብሎ ሳለ፣ እዚያ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ግን አልቆ ቆሞ ነበር። ያዞረዋል፣ ጣሪያውን ያነሳዋል፣ በኮሪደሩ ውስጥ ያስኬደናል። አንዱን ኮለን ሲነካው ስሙን፣ ቁመቱን፣ በውስጡ ስንት ፌሮ ብረት እንዳለ፣ መቼ እንደተሞላ፣ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱን ዘርዝሮ ያወጣል። የጠጣው አረንጓዴ፣ ያልጠጣው ቀይ ይሆናል። ይህን "ዳሽቦርድ" ነው የሚለው፤ እኔ ሰሌዳ እለዋለሁ። ሠራተኞቹ የሚያውቁት የመኪናውን ነውና መሪውስ የት አለ እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔንም ከዚያ ቢሮ ስወጣ፣ "አያ ሞላ፣ ድራማው ዛሬ የት ደረሰ?" ይሉኛል።

እንዴት እንደሚሠራው አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። ሥዕሉ መስመር ብቻ አይደለም አለ፤ እያንዳንዱ ኮለን፣ በር፣ ደረጃ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ከሥዕሉ አውጥቶ ሠንጠረዥ ላይ ይደረድረዋል፤ መሬት ላይ የሆነው ነገር ከቁጥሩ ጎን ይገባል፤ ከዚያ ሰሌዳው ራሱ ቀለም ይሰጠዋል። ቁጥሩ የተስቢህ፣ የመቁጠሪያ ክር ማለት ነው አለኝ፤ እሱ ከተበጠሰ ሥዕሉ ዶቃ ሆኖ ይበተናል። አንድ ጊዜ አዋላጇ ሲስተር መጥታ ሥዕሉን ስታይ፣ ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች በዚህ በር መታጠፍ አይችሉም አለችው። እዚያው ፊቷ በሩን አሰፋው። ከጎን ያለው የብሎኬት ቁጥር በራሱ ቀነሰ። ሲስተር እጇን አፏ ላይ አደረገችና፣ "እኛን የጠየቀን ሰው አልነበረም" አለች።

ታዲያ መሬት ላይ የሆነውን ለሰሌዳው የሚነግር ሰው ያስፈልግ ነበር። ፎርማኑ ጊዜ የለኝም አለ፤ ሌሎቹ ናቁት። ሐሰን እኔን መረጠ። የኮለኖቹን ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ የነበረውን አጥፍቶ፣ እኔ እንዳነበው ብሎ በቀይ ቀለም ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት እያለ እንደገና ጻፈው። ስልክ ሰጠኝ። ስልኩ ላይ ኮለኑን ስነካው ሁለት ሥዕል ይመጣል፤ አንዱ የውሃ ጠብታ፣ አንዱ የተሰነጠቀ መሬት። ካጠጣሁ ጠብታውን፣ ካላጠጣሁ ስንጥቁን እጫናለሁ። ከዚያ ሌላ ማታ ማታ የውሃ ታንከሩን አያለሁ። በጎኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አስሮ መስመር አስምሮበት ነበር፤ ውሃው የቆመበትን መስመር እጫናለሁ። በቃ።

"ሰሌዳው አያይም፣ አያ ሞላ። የሚያየው በእርስዎ ዓይን ነው" አለኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን የውሃ ማጠጫው ጎማ ተቀዶ አራት ኮለን ሳይጠጣ ዋለ። እየፈራሁ ስንጥቁን ተጫንኩ። ሰሌዳው ቀላ። ፎርማኑ እኔን አሳጣኸኝ ብሎ ተቆጣ። ሐሰን ግን ከቢሮው ወጥቶ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ። ጎማው የዚያኑ ዕለት ተቀየረ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ሳያውቅ ነው ያደረገው እንዳትሉልኝ ነው። እውነቱን ብነግረው እንደማይከፋ፣ እንደውም እንደሚያመሰግነኝ አውቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው ግንቦት ላይ ነው። የኮቦን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። የሐ ረድፍ ስድስቱ ኮለኖች ተሞልተው ጣውላቸው በተፈታ ማግስት፣ ሐሰን ደሴ ተጠራ። የቀጠረን ድርጅት አለቆች ሰሌዳውን ሊያዩ ነው፤ ከወደዱት በየሳይታቸው ሁሉ ሊያደርጉት ነው። ጧት መንገድ ሳይወጣ እኔ ዘንድ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ሦስት ቀን እቆያለሁ፣ ስልክዎን ሲጫኑ እዚያ ሆኜ አየዋለሁ፣ አለቆቹም አብረውኝ ያያሉ አለ። የሐ ረድፍን በእጁ ጀርባ አንድ በአንድ ነክቶ ሄደ።

እሱ በሄደ በሁለት ሰዓቱ የእድራችን ዳኛ አረፉ ተባለ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት የሥራ መሣሪያ የሚያነሳ የለም። ሠራተኛው ግማሹ የእድሩ አባል ነው፤ ግማሹም ጎረቤት ነው። ሁሉም አካፋውን ጥሎ ወጣ። እኔ ደግሞ የእድሩ ለፋፊ ነኝ። ጥሩምባ ይዤ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ማርዳት፣ ድንኳን ማስተከል፣ ለቀስተኛ ማስቀመጥ የእኔ ድርሻ ነው። ውሃውን ከታንከሩ የሚስበው ሞተር ቁልፍ በእጁ ያለው ሰውዬም አስከሬኑን አጅቦ ሄዷል። ያም ቢሆን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከታንከሩ በሁለት ጀሪካን እየተመላለስኩ ስድስት ኮለን ማራስ አያቅተኝም ነበር። አንድ ሰዓት ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ከድንኳኑ ተነስቼ ብሄድ ግን ለፋፊው የዳኛውን ለቅሶ ጥሎ ለሲሚንቶ ውሃ ሊያጠጣ ሄደ ይባላል። ይህ ከበደኝ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የከበደኝ።

ከቀትር በኋላ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰዓቱ ደርሷል ማለቱ ነው። አወጣሁት። ሐ አንድን ነካሁ። ጠብታውና ስንጥቁ መጡ። አሁን እሱ በተተኮሰው ሸሚዙ አለቆቹ ፊት ቆሟል ብዬ አሰብኩ። ስንጥቁን ብጫን እዚያው ፊታቸው ይቀላል፤ ልጁ ያፍራል። ጎረቤቴ የሆነ ሰው ምነው አያ ሞላ፣ ክፉ ነገር ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩና ጠብታውን ተጫንኩ። ሐ ሁለትን፣ ሐ ሦስትን፣ እስከ ስድስተኛው። ቁጭ ባልኩበት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ።

ማምሻውን ወደ ቤቴ ሳልፍ በሳይቱ በኩል ነው መንገዴ። ታንከሩን አየሁት። ሙሉ ነበር። ሙሉ የሚለውን መስመር ተጫንኩ። ስለ ታንከሩ የሚያፍር ሰው የለም፤ ስለዚህ መዋሸት ትዝም አላለኝ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው አደረግኩ። ኮለኖቹ ጠጥተዋል አልኩ፤ ታንከሩ አልጎደለም አልኩ።

ሐሰን ሲመለስ ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ሳይደርስ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። በፌስታል ቴምር ይዞልኛል። አንድም ቀይ አልነበረም አለኝ፤ አለቆቹ ተነስተው ነው ያጨበጨቡት አለኝ። ለሁሉም ሳይት እንዲያዘጋጅ ነገ ደብዳቤ ይጻፍልሃል ብለውታል። ቴምሩን ተቀብዬ ለዳኛው ለቅሶ እንደነበርኩ ብቻ ነገርኩት። ነፍስ ይማር አለ። ያን ዕለት ብነግረው ኖሮ ምን ይደረግ እንደነበር አላውቅም፤ ቢያንስ በሌላ ሰው ፊት አይሰማውም ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተቆጣጣሪዎች ከደሴ መጡ። ጫፉ ላይ ስፕሪንግ ያለው መዶሻ መሰል ነገር ይዘው ኮለኑን ሁሉ እየጠቀጠቁ ቁጥር ይጽፋሉ። ሀም ለም ደህና ሆነ። የሐ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጆንያው ሲነሳ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ነበረበት። ስድስቱም አላለፉም።

ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ውሃ አጠጪው ይምጣ ተባለና እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። ከደሴ የመጣው አለቃ ቴሌቪዥኑን በጣቱ እያመለከተ፣ "ሰሌዳህ ጠጥቷል ይላል። መዶሻው አልጠጣም ይላል። ከሁለቱ ውሸታሙ የትኛው ነው?" አለው።

ሐሰን ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሰ። እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገና ሌላ ገጽ ከፈተ። የታንከሩ ነበር። ውሃው ሲቀነስና ሲሞላ እንደ ደረጃ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ግን ለሦስት ቀን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ ያንን መስመር ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሱና እኔ። እሱ ያየው ያኔ ነው። ከመስመሩ ዓይኑን አነሳና ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ዞረ።

አስቡት እስኪ። ጣቱን እዚያ መስመር ላይ ቢያስቀምጥ ሰሌዳው ይድን ነበር። ያውላችሁ፣ ሰው ሲዋሽ ሰሌዳዬ ይዞታል ቢል፣ የበለጠ ባጨበጨቡለት ነበር። የልፋቱ ሁሉ ማስረጃ እዚያ ተሰምሮ ተቀምጦ ነበር።

ገጹን ዘጋው። "ያስገባሁት እኔ ነኝ። ደሴ ሆኜ፣ ሳላይ ሞላሁት" አለ።

እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ምላሴ ላይ ነበሩ። በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ዘበኛ ነኝ፤ ቢያባርሩኝ ማሽላዬን ጠብቄ እበላለሁ። ምን ይዞኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አለቃው በቃ ውጣ አለኝና ወጣሁ።

በሳምንቱ ሐሰን ተሰናበተ። ቴሌቪዥኑን አውርደው በፒካፕ ጭነው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በወረቀት ሆነ፤ ፎርማኑ ጧት ላይ የቀኑን ሁሉ አንድ ጊዜ ይሞላል። ወረቀቱ ላይ ውሃ ያልጠጣ ኮለን የሚባል ነገር ቀረ።

የሄደ ዕለት የሳይቱ በር ላይ ቆሞ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። አልተቆጣም። እንደዚያ ከሚያየኝ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

"አያ ሞላ፣ የታንከሩን ለምን እውነቱን ሞሉት?"

"የታንከሩ ለማንም የሚያሳፍር አልመሰለኝም።"

"ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት። አውቃለሁ። ለእኔ ባይሉ ይሻለኝ ነበር" አለ። ሻንጣውን አነሳና አስፋልቱን ተሻግሮ የዋጃን መኪና ጠበቀ። መኪናው እስኪመጣ እዚህና እዚያ ማዶ ለማዶ ቆመን ነበር። እጁን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሕንጻው እንደዚያው ቀረ። ተቆጣጣሪዎቹ ስድስቱ ይፍረሱ አሉ፤ ሥራ ተቋራጩ አላፈርስም አለ። ሲከራከሩ ክረምት ገባ፤ ሠራተኛው ተበተነ፤ የሚመልሰው አልተገኘም። ዛሬ ውስጡ የማሽላ አገዳ ይከመርበታል፣ ፍየሎች ጎናቸውን ይታከኩበታል። ቀዩ ቀለም ለቋል። ምጥ የያዛት ሴት አሁንም በቃሬዛ በፊቱ ታልፋለች፤ አስፋልት ዳር አስቀምጠዋት መኪና ሲለምኑ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዷ በዚያው ስትቀር አልቃሾቹን ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ያ ሥራዬ አልተወኝም።

ሐሰን ሌላ ቦታ ሥራ ጠየቀ ሲሉ እሰማ ነበር። ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። በመጨረሻ ዋጃ ላይ ለሰው የቤት ፕላን ይሥል ነበር አሉ። ዋጃ ከእኔ ደጅ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሄጄ ለአባቱ፣ ለአለቆቹም እነግራለሁ፣ ስሙን እመልስለታለሁ እያልኩ ስንት ማሽላ ታጨደ። ዛሬ እርሻ አለ፣ ነገ ለቅሶ አለ። ከዚያ ይህ መርዶ መጣ።

ከጎብዬ ስመለስ ጥሩምባዬን ሰቅዬ በማግስቱ ዋጃ ወረድኩ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። አያ ይማም ከመግቢያው አጠገብ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ፣ እንደ ልጃቸው አንገታቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው። አላህ ያጽናዎ ብዬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኮቦ፣ ከልጅዎ ጋር ሳይቱ ላይ የሠራሁ ሞላ ነኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ሞላ ማለት አንተ ነህ? በጣም ያነሳህ ነበር። ምሰሶ ላይ ፊደል አስነብበዋለሁ ይል ነበር" አሉ።

ዱዓ ተደረገ። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ስለ ሕንጻው ልጃቸውን ጠይቀውት እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ እሱም አንስቶት አያውቅም።

"ሕንጻውን እሱ ነው ያበላሸው ይላሉ። አብረኸው ነበርክ። እውነት ነው?"

"አይደለም፣ አያ ይማም። እሱ ምንም አላጠፋም።"

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

ይህን ልነግራቸው ነው ዋጃ ድረስ የወረድኩት። ድንኳን ውስጥ ነኝ፤ ጋቢዬን ተከናንቤአለሁ፤ ሰው ከጎኔ አለ። ሁለቱ ቃላት ምላሴ ላይ መጡ።

"የፀሐይዋ ነው" አልኩ። "ያን ግንቦት ፀሐይዋ በጣም ከብዳ ነበር።"

አያ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትከሻቸው ወረደ፤ የተሸከሙት ነገር የቀለለላቸው ይመስል ነበር። "ፀሐይ ከሆነማ ማን ይከሰሳል። የአላህ ሥራ ነው" አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዱና በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

"ከኮቦ በዚህ ሐሩር መጥተሃል። እንካ፣ ውሃ ጠጣ።"

ተቀብዬ ጠጣሁ።